ካሜራ ይዘን በማለዳ የሄድንበት ደጅ

ጎንደርን ያላየ ሰው «ጎንደር ሄድሽ አሉ» ሲለኝ ስለ ግንቡ እንዳወራለት ይጠብቃል። ግንቡ አለ፣ ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል። እኔ ግን የምጽፈው ከጅማ ወጥተው ለማያውቁት ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ነው። እነሱ ደግሞ ከተመለስኩ ጀምሮ የሚጠይቁኝ ስለ ድንጋይ አይደለም። «ምን አበሉሽ? የት አደርሽ? ፈረንጇስ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ነው የሚሉኝ። እንግዲህ ቁጭ በሉና ልመልስ።

ፈረንጇ ኖራ ትባላለች፤ የአየርላንድ ሰው ናት። «እንግሊዝ ማለት ነው?» እንዳትሏት፤ እኔ ብያት ከአዲስ አበባ ጎንደር እስክንደርስ አኩርፋኛለች። ሥራዋ ቪዲዮ አርቲስት ነው። ይኼን ለእናቴ ማስረዳት እንደ አልጀብራ ከብዶኛል። ዜና አትዘግብም፣ ተዋናይም አታሠራም። ካሜራዋን አንድ ቦታ ትተክልና አንድ ሰው አንድ ሥራ ሲሠራ ካሴቱ እስኪያልቅ ትቀዳለች። አትቆርጥም፣ አትቀጥልም። ከዚያ በትልቅ አዳራሽ በቴሌቪዥን ታሳያለች፣ ሰው ቆሞ ያያል፣ ተሸልማበታለችም። «በቃ?» አለች እናቴ። በቃ። «ለዚህ ነው የሸለሟት?» አዎ እማዬ፣ ለዚህ ነው። «እንዲያማ ከሆነ እኔም እሸለም ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳለሁ አዲስ አበባ ያለችው የአጎቴ ልጅ «ለአንዲት ፈረንጅ አስተርጓሚ ይፈለጋል፣ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ጎንደር ሲባል ልቤ ደነገጠ፤ ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰሜኑ ጦርነት ነው፣ ያለ ይለፍ ወረቀት አንድ ኬላ አይታለፍም። ግን እንቢ አላልኩም። መምህር ሁለት ጊዜ አይጋበዝም።

ሰኞ ዕለት ጎንደር ገባን። ኖራ መንገዱን ሙሉ መቅጃ ማሽኗን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋው ነበር። ካሜራው ብቻውን አይሠራም፤ ከሳጥን ጋር በገመድ የተያያዘ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ያህል ይከብዳል። ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን የሠራው ሆቴል አደርን። ውሃው የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት ግን በባልዲ ሙቅ ውሃ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልን። ጅማ ውሃ ከሰማይ ይወርዳል፣ ማንም ተሸክሞ አያመጣልህም። ለእንግዳ እንዲህ መድከም ለካ ደረቅ አገር ነው የሚያስተምረው።

ማክሰኞ በላንድሮቨር ወደ ደባርቅ ወጣን። አምባ ጊዮርጊስ ጋ ጎማ ፈነዳ። ሾፌራችን ትርፍ ጎማውን ሲያወርድ እሱም ለካ የተነፈሰ ነው። «ትናንት ነፍቼው ነበር እኮ!» ይላል፣ ጎማውን እንደ ከዳተኛ ወዳጅ እያየ። እስኪያስለጥፍ ድረስ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤቷ አስገብታ ከእሳቷ አጠገብ አስቀመጠችን። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ኖራ በበሩ በኩል ወደ ውጭ እያየች «የድንጋይ ካቡ፣ በጉ፣ ጭጋጉ… አባቴ ከዚያ ጥግ ብቅ ቢል አይደንቀኝም» አለችኝ። አገሯ በምዕራብ በኩል ባሕር ዳር፣ ድንጋያማ ነው። አባቷ በግ ያረባ ነበር፣ እናቷ ጠጉር ትፈትል ነበር። እኔ የማውቀው ፈረንጅ ሁሉ በመኪና የተወለደ ነበር የሚመስለኝ።

ማታ ደባርቅ ባደርንበት ቤት የቀረበልን ቅቅል ድንች በአዋዜ ነው። ኖራ ሳቀች፤ «ድንች አገሬ ጠግቤ ከወጣሁ በኋላ እዚህ ድረስ አሳደደኝ!» ብላ ከእኔ ሁለት እጥፍ በላች። እየበላን ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ሥዕል ነበር የተማረችው። አስተማሪዎቿ «እጅሽ ደህና ነው፣ ግን ትቸኩያለሽ» አሏት። በዚያ ብስጭት ካሜራ ተውሳ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ሲያስር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር ቀዳች። ሲታይ ሰው እያዛጋ ወጣ። ከአገር ተሰደው የኖሩ ሽማግሌዎች ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ አለቀሱ። ትልቁን ሽልማት ያገኘችው በሱ ነው።

«ታዲያ አንድም ቀን ቆርጠሽ፣ አጥፍተሽ አታውቂም?» አልኳት።

«ሰው ያደረገውን እኔ ማን ነኝና ላጥፋ?» አለች። ይኼ ሕጓ ነው፤ እንደ ጾም ትጠብቀዋለች። እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም እንኳ ያን ያህል አልጠነቀቅም።

ረቡዕ በበቅሎ ወጣን። መሪያችን አያ ደሴ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ዳገት የሚወጡ ሽማግሌ ናቸው። መካነ ብርሃን ድረስ ለመሄድ ነበር ሐሳባችን፤ ወረቀታችን ግን የሳቸው መንደር ላይ ያበቃል። በቅሎ ላይ ስወጣ «ምነው እቴ፣ በግራ በኩል ነው እንጂ!» አሉኝ። እኛ ጅማ በቅሎ እናውቃለን ብል ማን ይሰማኛል፤ በቅሎዋ ራሷ አልሰማችኝም። እየሳቅን ስንሄድ የጭነቷ በቅሎ ወንዝ መሻገሪያው ላይ አዳለጣትና የካሴትና የትርፍ ባትሪ ቦርሳው ውሃ ገባ። አያ ደሴ እስከ ወገባቸው ገብተው አወጡት፤ የወጣው ግን ረጥቦ ጭቃ የጠጣ ነው። የተረፈችው በመቅጃው ሆድ ውስጥ ያለችው አንዲት ባዶ ካሴት ብቻ ናት።

ኖራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አገሯ አንድ ትልቅ አዳራሽ አዲሱን ሥራዋን እየጠበቀ ነው፤ ሁለት ዓመት ምንም አላሳየችም፣ «አለቀላት» የሚሉም አሉ። ይለፋችንም ሊያልቅ ነው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «አንድ ካለን አንድ ይበቃል» ብላ ተነሳች። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

አያ ደሴ ቤት አደርን። ባለቤታቸው መደባቸውን ለእኛ ለቀው መሬት ተኙ፤ ብንለምን ብንለምን አሻፈረኝ አሉ። የጾም ቀን ነውና የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። ለኖራ ግን «ይቺ ምን አጥፍታ ትጾማለች» ብለው ወተት አመጡላት። ኖራ እንደኛ ሽሮ በላች፤ ወተቱን ድመቷ ጾመኛ ስላልሆነች ጨረሰችው።

ሐሙስ ከሰዓት እሜቴ የሻረግ ቤት ሄድን። ለባና፣ ለደጋው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር በመንደሩ እንደሳቸው የሚፈትል የለም ተብሎ ነው። ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው የሚሰማ ባልቴት ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ አስማረ። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ይኼን ሁሉ የነገሩን እንዝርታቸውን እያሾሩ ነው። ኖራ ሲፈትሉ አይታ ዓይኗ በራ፤ «እናቴ እንዲሁ ነበር አውራ ጣቷን የምትልሰው!» አለችኝ። በራቸው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ እንደሚገባም ገመተች። «ከበሩ መከፈት ጀምሬ ልቅዳ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እንምጣ» አለችኝ ከወጣን በኋላ። እሜቴ የሻረግ ግን «ሸጋ፣ ነገ ኑ» ብለው ነበር የሸኙን፤ ነገ ሲሉ ፀሐይ ሞቆ፣ ከብት ወጥቶ ማለታቸው ነው። ሰዓቱን አያ ደሴ ማታ ሄደው ሊነግሯቸው ነበር፤ በሬ ጠፍቶባቸው ሲፈልጉ አመሹና ሳይነግሯቸው አደሩ። «ምን ችግር አለው፣ ስንደርስ እንጠራቸዋለን» አሉን።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ዓርብ ገና ድንግዝግዝ ሳለ ወጣን። አያ ደሴ ከፊት፣ ኖራ ካሜራዋን፣ እኔ ጥቁሩን ሳጥን ተሸክመን። ትንሽ እንደሄድን መምሬ ካሳ፣ የደብሩ ቄስ፣ ከኪዳን ሲመለሱ አገኙን። ሰላምታ ሰጥተው «እስቲ ልሸኛችሁ» ብለው አብረውን መጡ፤ ደግ ሰው ናቸው። ቄሱንና ሽማግሌውን በዚያ ሰዓት አብረው ያዩ ሁለት አዛውንት ከደጃቸው ብድግ ብለው ተከተሉን፤ አልጠየቁም። መንገዱ ወደ እሜቴ የሻረግ ቤት ሲታጠፍ ሴቶች ወጡ። አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እሷን ያየች ሌላዋም አዘቀዘቀች። ወደ ኋላ ዞር ስል ሰው በሰው ሆኗል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ለፈረንጅ ካሜራ ይኼን ያህል ጨዋነት ጎንደሬ ብቻ ነው የሚያውቅበት ብዬ ተደነቅሁ።

ኖራ ግቢው ውስጥ ካሜራዋን ተክላ፣ ቀይዋን መብራት አብርታ በተዘጋው በር ላይ አነጣጠረች። አያ ደሴ «የሻረግ!» ብለው ተጣሩ።

በሩ ተከፈተ። እሜቴ የሻረግ ብቅ አሉ። ሽማግሌ አዩ፤ ቄስ አዩ፤ ጎሕ ነው፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል። ሰው እንዲህ ሆኖ በማለዳ የሚመጣበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ። እኔም ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

«አስማረዬ!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁትን በጽሑፍ አልችለውም። ደረታቸውን ደቁ፣ መሬት ወደቁ፣ ተነሡ፣ ወደቁ። «ሳልድርህ! ሳልስምህ! የትኛው ገደል በላህ!» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ግቢው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። መምሬ ካሳ ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «አይዞሽ ልጄ» ይላሉ። አያ ደሴ ራሳቸው ያለቅሳሉ! ኖራ ከካሜራው ኋላ ደርቃ ቀርታለች፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። ካሴቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው አያ ደሴ ድንገት ቀና ያሉት።

«መምሬ፣ መቼ ተረዱት?»

«እኔ? እኔማ ካንተ ጋር መጣሁ እንጂ! አንተ ያመጣኸው መርዶ መስሎኝ!»

«እኔ ፈረንጇን ነው ያመጣሁት!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የነገረ የለም፤ የሰማ የለም፤ የሞተ የለም። እያንዳንዱ ሰው ሌላው የሚያውቅ መስሎት ነው የመጣው። ጠይቆ ማረጋገጥ ደግሞ ነውር ነው፤ መርዶ አይጠየቅማ።

እሜቴ የሻረግ ከመሬት ቀና ብለው «አልሞተም?» አሉ።

«እኛ የሰማነው የለም፣ የሻረግ» አሉ አያ ደሴ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

«ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ጠጉር ስትፈትይ ሊያዩ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት አፈነው። እሜቴ የሻረግ አልሳቁም። ቀይዋን መብራት አይተው ወደኔ መጡ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ልቅሶዬን ይዛዋለች?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ይዛዋለች፣ እሜቴ።»

«በቁሙ ላለ ልጅ ያለቀስኩትን? ይኼንን ሟርት ይዛ አገር ልታዞር? ታውጣልኝ! በመድኃኔ ዓለም በያት፣ ከሳጥኗ ታውጣልኝ!» ክንዴን የያዙበት ቦታ እስከ ማታ ድረስ ያመኝ ነበር።

ተረጎምኩ። ኖራ ገርጥታ ቆመች። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ቀድቼ አላውቅም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ወደፊትም አልቀዳም።» አመንኳት። ያቺ ካሴት አዳራሹን ሁሉ ታስለቅስ ነበር፤ «አለቀላት» ያሉትን ሁሉ አፍ ታስይዝ ነበር። ሕጓም አለ፤ አጥፍታ አታውቅም። አጠፋሁት ብላ ብትይዘውስ በዚያ ግቢ ማን ያውቅባታል?

ማሽኑን ወደ ኋላ አጠነጠነችና እሜቴ የሻረግን ጠርታ በካሜራው ዓይን አሳየቻቸው። ራሳቸውን አዩ፣ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ኖራ በእኔ በኩል እንዲህ አለቻቸው፤ «በዚህ ላይ ያለ ነገር አይፋቅም። በላዩ ሌላ ነገር ሲቀዳ ነው የሚጠፋው። በላዩ ምን እንዲሆን ይወዳሉ?»

እሜቴ የሻረግ ቀሚሳቸውን ከአፈር አራገፉ። «ሲመጣ የማደርገውን» አሉ።

ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሲወጡ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ታጥበዋል። «እናንተም ነጠላችሁን አስተካክሉ! ምን ትላላችሁ እንዲህ ሆናችሁ ብታገኙት?» ብለው ሰውን ተቆጡ። ሰው ተስተካከለ። ኖራ መብራቷን አበራች። እሜቴ የሻረግ ደጃቸው ላይ ቆመው ወደ መንገዱ አዩ፣ አዩ፣ ድንገት «እልልልል!» ብለው እጃቸውን ዘርግተው እስከ አጥሩ ሮጡ። «ገባህ? አስማረዬ ገባህ? ምነው ከሳህ!» አቀፉ፣ ሳሙ፣ አገላብጠው ሳሙ፤ ክንዳቸው ውስጥ ማንም የለም። ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ መምሬ ካሳ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ ኖራም ካሜራው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። እልልታው ሳያበቃ ባትሪው ሞተ፣ መብራቱ ጠፋ።

ጠዋቱን ሙሉ እሜቴ የሻረግ ፈተሉ። ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። ኖራ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትቀዳ፣ ፀሐይ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ አየቻቸው።

ቅዳሜ ወደ ደባርቅ ስንወርድ ስለ እናቷ ነገረችኝ። ታላቅ ወንድሟ እንግሊዝ አገር ሕንፃ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። መጥፎ ወሬ በነሱ አገር የሚመጣው በፖስተኛ ነው። ፖስተኛው ብስክሌቱን ከበራቸው ባስጠጋ ቁጥር እናቷ ጠጉሩን ጥላ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። አንድ ቀን የመጣው የሹራብ ክር ሆኖ ቢገኝ ፖስተኛውን በዳቦ መታችው። «ትናንት በሩ ሲከፈት ያየሁት ፊት የእሷ ነው» አለችኝ።

እሑድ ጎንደር ገባን። ኬላው ላይ «ካሴት ካለ ሳይመረመር አይወጣም፣ ነገ ቢሮ ይዛችሁ ቅረቡ» ተባልን። ሆቴላችን መብራት ስላልነበረ ኖራ ምን እንደያዘች ሳታይ አደረች።

ሰኞ ጠዋት የተቀበለን መርማሪ ጓድ ታደለ ይባላል። ካኪውን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ትህትናው የሚያስፈራ ጎልማሳ ነው። ማሽኑን ከቢሮው መብራትና ቴሌቪዥን ጋር አያያዝን። የተዘጋ በር ታየ፤ ከዚያ እሜቴ የሻረግ በነጭ ቀሚስ። «እልልልል!» ጓድ ታደለ ፈገግ አለ። «ሠርግ ነው?»

«ልጃቸው ከውትድርና የሚመጣ ዕለት ነው» አልኩ።

«መጣ?»

«ገና ነው።»

ግራ ገብቶት ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። እልልታው ተቋረጠ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ… «የትኛው ገደል በላህ! አስማረዬ!» ኖራ ከወንበሯ ተነሣች። ልቅሶው ከእልልታው ይረዝም ነበር ለካ! ባትሪው ሲሞት ጫፉ ሳይሸፈን ቀርቷል።

ጓድ ታደለ ማሽኑን አዘግቶ በሩን ዘጋ። «ይኼ ከአገር አይወጣም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካሴቱ እዚህ ይቀራል። እናንተም ብትጠየቁ…» አልጨረሰውም።

ለኖራ ነገርኳት። የጉዞዋ ሁሉ ፍሬ ያቺ ናት፤ እለምናለሁ፣ እጮሃለሁ ትላለች ብዬ ነበር። «ይውሰደው» አለች። «ግን እንዲህ ሆኖ አይውሰደው። መጀመሪያ ልሸፍነው፤ ለእናቲቱ ቃል ገብቻለሁ። ልጁ መሞቱ እስኪታወቅ ድረስ ያለ ነው፤ እንዲህ ተለቅሶለት አንድ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።»

ስተረጉም ጓድ ታደለ እኔን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። «ካሴቱን ትታልን ልትሄድ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በእጁ «ቀጥሉ» የሚል ምልክት ሰጠ።

ኖራ ካሜራውን ሰካችና የመሪዎቹ ፎቶግራፍ ወደተሰቀለበት ግድግዳ አዞረችው፤ ሌላ የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። ካሴቱን ልቅሶው የሚጀምርበት ላይ አቆመች። «የእናቲቱን ልቅሶ በግድግዳ ብቻ አልሸፍነውም። አንድ ሰው ቆሞ ደህና ነገር ይናገርላቸው። እኔ ቋንቋው የለኝም» አለችኝ። ቀይዋ መብራት በራች። ግድግዳው ፊት ቆምኩ፤ አፌን ስከፍት በእሜቴ የሻረግ ልቅሶ ላይ የራሴን ልቅሶ ማስቀዳት ጀመርኩ።

«ዞር በይ» አለኝ ጓድ ታደለ። በቦታዬ ቆመ። በዚያ ቢሮ የእግዚአብሔር ስም አይጠራም፤ ይኼ ካሴት ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። የካኪውን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

«አስማረ» አለ ወደ ካሜራው። «እግዚአብሔር በደኅና ለእናትህ ያብቃህ።»

ጨረሰ ብዬ ነበር። ኖራ አላጠፋችም፤ ካሴቱ ትንሽ ይቀረዋል። እሱም ከቦታው አልተነሣም።

«ሲሳይንም» አለ። «ሞላንም። የእትዬ ዘነቡን ልጅ ገብሬን። አዳነን። ወንድሜን ጥላሁንን።» እንደ አስማረ ወሬያቸው የጠፋ ልጆች መሆናቸው ገባኝ። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ስም ይጠራ ነበር፤ ከቆመም በኋላ ሁለት ስም ጠራ።

ከዚያ ቁልፉን ቆለፈ፣ ካሴቱን ራሱ ከማሽኑ አውጥቶ ለኖራ ሰጣት፣ በሩንም ከፈተልን።